ከመርጨታችን በፊት ተርቧን እንወቃት

ባለፈው ክረምት ለሥራ አዲስ አበባ በሄድኩበት ሰሞን፣ ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በከሰል በቆሎ ከሚጠብሱ እናት ዘንድ ቆምኩ። የአንዱን እሸት ልባስ ሲገልጡ ትል ወጣ። አንስተው እሳቱ ላይ ጣሉትና "አይዞህ ልጄ፣ ሌላ እሰጥሃለሁ" አሉኝ። እኔ ግን ያሳፈረኝ ሌላ ነገር ነው። ስለ ተምች ስንት ዜና ጽፌ፣ ያ ትል መጤው ተምች ይሁን ሌላ መለየት አልቻልኩም።

ትሉን እንዲህ ካምታታን፣ ትሉን የሚገድለውን ወዳጃችንንማ ጭራሽ አናውቀውም።

መጤው ተምች አገራችን መግባቱ የታወቀው በ2009 ዓ.ም. በሸካ ዞን የኪ ወረዳ ነው። ብዙም ሳይቆይ ተመራማሪዎች ከሐዋሳ፣ ከጅማና ከአዋሽ መልካሳ አካባቢ የበቆሎ ማሳዎች ትል ሰብስበው አሳደጉ። ከብዙዎቹ ትሎች የወጣው የእሳት እራት ሳይሆን ጥቃቅን ተርብ ነበር። ዋነኛዋ ኮቴሲያ ኢሲፔ የተባለች ጥገኛ ተርብ ስትሆን፣ እንደየቦታው ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ የሚሆነውን ትል አጥቅታ ተገኝታለች። በሳይንስ ስም የወጣላት ገና በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ማንም አራብቶ አልለቀቃትም፤ እዚሁ ነበረች።

ተርቧ ከጉንዳን አትበልጥም፤ ሰው አትነድፍም። እንቁላሏን በለጋ ትል ሰውነት ውስጥ ትጥላለች። ዕጩ ትሉን ከውስጥ እየበላ ያድግና ሲወጣ ከአጠገቡ እንደ ሐር የተፈተለ፣ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ነጭ ሽፋን ሠርቶ ይገባበታል። ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው ያደገ ትል ስለሆነ፣ በለጋነቱ የሞተ ትል ብዙ ቅጠል ሳይበላ ቀረ ማለት ነው። ጣጣው ግን ነጩን ሽፋን ያየ ሰው "የተምች እንቁላል" ብሎ ሊጨፈልቀው መቻሉ ነው። የተምች እንቁላል በአንድ ቦታ ተከማችቶ የተጣበቀ፣ አብዛኛውን ጊዜም ብናኝ በመሰለ ጸጉር የተሸፈነ ነው። ልዩነቱን አንዴ ያየ አይስተውም።

ከወረዳ የሚደርሱኝ የተባይ ሪፖርቶች የተወረረውን ሄክታር፣ በእጅ የተለቀመውን፣ የተረጨውን ኬሚካል በሊትር ይዘረዝራሉ። ጥገኛ ተርብ ተገኘ አልተገኘ የሚል መስመር ግን አላየሁም። ያ መስመር ይጨመር ነው የምለው። ኃላፊዎች "ተምች ማሳ እየበላ ተርብ ፍለጋ ማን ይሄዳል?" ሊሉኝ ይችላሉ። እውነት አላቸው፤ ተርቧ ብቻዋን የተወረረ ማሳ አታድንም። ነገር ግን የምንረጨው ኬሚካል እሷንም ይገድላል፤ ስንት እንደነበረች ሳናውቅ የገደልናትን በሚቀጥለው ወረራ ከየት እናመጣታለን?

ደግሞም ሥራው ከባድ አይደለም። የልማት ሠራተኛው ከርጭት በፊት ሠላሳ ያህል ለጋ ትል ይልቀም። እርስ በርስ ስለሚበላሉ እያንዳንዱን ለየብቻ፣ አፉ በስስ ጨርቅ በታሰረ ዕቃ ከበቆሎ ቅጠል ጋር ያስቀምጥ፤ ቅጠሉንም ይቀይር። ተርብ ሲወጣ አልኮል ባለው ብልቃጥ ይክተተውና ቀበሌውን፣ ሰብሉንና ቀኑን በእርሳስ ጽፎ ወረቀቱን እዚያው ይጨምር (የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል)። ዝርያውን መለየት በማጉያ መሣሪያ የሚሠራ የባለሙያ ሥራ ነው፤ የሚመሳሰሉ ተርቦች ብዙ ናቸውና። ለዚህም በባሕር ዳርና በኮምቦልቻ የዕፅዋት ጤና ክሊኒኮች አሉ፤ ከዚያ ከበለጠም የአምቦ ምርምር ማዕከል አለ።

እንዲህ ያለ ፍተሻ ከዚህ በፊትም ጠቅሞናል። የአገዳ ቆርቋሪ ጠላት የሆነችው ኮቴሲያ ፍላቪፔስ ከእስያ መጥታ በ1993 እ.ኤ.አ. የተለቀቀችው ኬንያ ውስጥ ነበር። እኛ ሳንለቃት በ1990ዎቹ መጨረሻ እዚህ ማሳ ውስጥ መኖሯ የታወቀው፣ አገዳ ሰንጥቆ ያየ ባለሙያ ስለነበረ ነው።

በመጪው ክረምት ከሠላሳው ትል አሥሩ ተርብ ያወጣበት ቀበሌ ካለ፣ ወረዳው የርጭት ትእዛዝ ከመፈረሙ በፊት ከሰብል ጥበቃ ባለሙያውና ከማሳው ባለቤት ጋር ቁጭ ብሎ ይነጋገርበት።