«ደረቅ» ማለት ስንት ግራም ነው?

ጠጅ ቤት የገባ ሰው «ደረቅ ይሁን ወይስ ለስላሳ?» ተብሎ ይጠየቃል። ፈሳሽ ነገር እንዴት «ደረቅ» ሊባል እንደቻለ ቆም ብሎ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ቃሉ ኬሚስትሪን በጥሩ ሁኔታ ይገልጻል፤ የማሩ ስኳር በአብዛኛው ወደ አልኮል ተለውጦ ማለቁን ይናገራልና። የወይን ጠጅ ነጋዴዎች «ድራይ» ሲሉም ይህንኑ ማለታቸው ነው። ቅሬታዬ በቃሉ ላይ ሳይሆን ቃሉ የቁጥርን ቦታ ተክቶ በጠርሙስ ላይ መለጠፉ ላይ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። የበሰለ ወይን ጭማቂ በአንድ ሊትር ውስጥ 200 ግራም ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ስኳር ይይዛል፤ ይኸውም ከሞላ ጎደል እኩል የሆነ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ነው። እርሾ ይህን ስኳር ወደ ኤታኖልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። በሊትር 17 ግራም ያህል ስኳር ሲበላ የአልኮሉ መጠን በ1 በመቶ ከፍ ይላል፤ ስለሆነም 204 ግራም ስኳር ያለው ጭማቂ ሙሉ በሙሉ ከተብላላ 12 በመቶ ያህል አልኮል ያለው ደረቅ ወይን ይሆናል። ጠማቂው በማቀዝቀዝና በማጣራት መብላላቱን አስቀድሞ ካቆመው፣ ወይም እንደ ፖርቱጋሉ ፖርት ጠንካራ የወይን አልኮል ጨምሮ እርሾውን ካስቆመው፣ ያልተበላው ስኳር በመጠጡ ውስጥ ይቀራል። እርሾ ግሉኮስን ስለሚያስቀድም የሚተርፈው በአመዛኙ ፍሩክቶስ ነው፤ እርሱም ከግሉኮስ ይልቅ ይጣፍጣል።

ታዲያ «ደረቅ» ስንት ግራም ነው? በአውሮፓ ኅብረት ደንብ አረፋ የሌለው «ድራይ» ወይን የተለመደው ጣሪያ በሊትር 4 ግራም ሲሆን፣ አሲዱ ከፍ ካለ እስከ 9 ግራም ይፈቀድለታል። ሻምፓኝን በመሰለ አረፋማ ወይን ላይ ግን ያው «ድራይ» የሚለው ቃል በሊትር ከ17 እስከ 32 ግራም ማለት ነው! ከ12 ግራም በታች የሆነው «ብሩት» ይባላል። በ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ሲሰላ፣ በአንድ ቃል ስር በአንዱ 3 ግራም፣ በሌላው እስከ 24 ግራም ስኳር፣ ማለትም 6 የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ሊኖር ይችላል። በባቱ (ዝዋይ) ወይን ጠርሙሶች ላይም የሚነበበው «ሚዲየም ስዊት» በዚሁ ደንብ ከ12 ግራም ገደማ ተነሥቶ እስከ 45 ይዘረጋል። ከ45 በላይ ያለው ሁሉ «ስዊት» ነው፤ ቢያንስ 120 ግራም የያዘው የሃንጋሪው ቶካይ አሱ፣ ከኮካ ኮላ የሚበልጥ ስኳር ይዞ፣ ከ46 ግራሙ ጋር አንድ ስም ይጋራል።

«ምላሳችን ይለየዋል» የሚል ቢኖር፣ ምላስ በቀላሉ ይታለላል። አሲድ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ቅዝቃዜ ጣፋጭነትን ይሸፍናሉ። አታላዮችም ይህን ያውቃሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 አንዳንድ የኦስትሪያ ወይን አምራቾች ወይናቸው ጣፋጭና ወፍራም እንዲመስል ዳይኤትሊን ግላይኮል የተባለውን መርዛማ ኬሚካል ሲጨምሩበት ተደርሶባቸዋል። ያጋለጣቸው ምላስ ሳይሆን ቤተ ሙከራ ነበር።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 8 ቀን 2023 በኋላ የተመረተ ወይን የንጥረ ነገር መግለጫ እንዲኖረው አስገድዷል። እርምጃው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የስኳሩ ቁጥር በስልክ ካሜራ ከሚነበብ ምልክት ጀርባ እንዲቀመጥ ተፈቅዷል። ይህ ለእኔ ግማሽ መንገድ ነው። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው በሠርግ ድግስ መካከል ስልኩን አውጥቶ ምልክት ይፈልግ ማለት ነውን? አምራቾች ስኳሩ ከምርት ምርት ይለያያል ብለው ይከራከሩ ይሆናል። አልኮሉስ አይለያይምን? እርሱ ግን በጠርሙሱ ላይ ይታተማል። ልኬቱም አስቸጋሪ አይደለም። ሃይድሮሜትር ብቻውን አይበቃም፤ ኤታኖል ከውኃ የቀለለ በመሆኑ የስኳሩን ክብደት ያካክሳልና። በፌሊንግ የመዳብ ውሁድ የሚደረገው ልኬት ግን ደህና የተደራጀ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ሁሉ ሊሠራው የሚችል ነው።

ይህን ያነበበ ወጣት «ደረቁ ስኳር ስለሌለው አይጎዳም» ብሎ እንዳይደመድም እፈራለሁ። 12 በመቶ አልኮል ያለው ጠርሙስ 71 ግራም ያህል ንጹሕ ኤታኖል ይይዛል። ኤታኖል በግራም 7 ኪሎ ካሎሪ ስለሚሰጥ ድምሩ ወደ 500 ይጠጋል፤ ከደረቁ ወይን 3 ግራም ስኳር የሚገኘው 12 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ነው። ኢንሱሊን በሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ አልኮሉ ራሱ የደም ስኳርን ከሚገባው በታች ሊያወርድ ይችላል። ስለዚህም የስኳሩ ግራም ከአልኮሉ መቶኛ ጎን፣ በእኩል ፊደል እንዲታተም እጠይቃለሁ።