ኦርደር አደን በሁለት ጎማ

ሰሞኑን ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ መጣልኝ። አሜሪካዊ አዳኝ ነው። ወፍራም ጎማ ባለው ኤሌክትሪክ ሳይክል ጫካ ለጫካ ይሄዳል፤ ጠመንጃው ጀርባው ላይ፣ ከኋላው ደግሞ ግዳዩን የሚጭንባት ትንሽ ጋሪ። እዚያ አገር አዳኞች ይህን ሳይክል ለምን እንደወደዱት ለመገመት አያስቸግርም። ድምፅ የለውም፣ የቤንዚን ሽታ የለውም፣ አውሬው ሳይሰማ ይደርሳሉ። ሲመለሱም ሥጋውን በትከሻ መሸከም የለም።

እኛ ጋ ሕጋዊው አደን በአብዛኛው የደጋ አጋዘን ፍለጋ አርሲና ባሌ ተራሮች ድረስ በሺዎች ዶላር ከፍለው የሚመጡ የውጭ ሰዎች ጉዳይ ነው። እነሱም ተራራውን የሚወጡት በፈረስ ነው። ስለዚህ ቪዲዮውን አይቼ ትዝ ያለኝ ባሌ አይደለም። የጎረቤታችን ልጅ ነው።

ልጁ ደሊቨሪ ነው የሚሠራው። ማለዳ ቦርሳውን አዝሎ ከኮንዶሚኒየማችን ሲወጣ «የት ነህ ዛሬ?» ስለው «አደን ነዋ ብሮ» ይለኛል። ቀልዱ አይደለም፣ ሥራው ራሱ እንደዚያ ነው። አፑ ኦርደር ሲለቅ ቶሎ የሚደርስ ይበላል፣ የዘገየ ባዶ እጁን ይመለሳል። ካፌ በር ላይ ስልካቸውን አፍጥጠው የሚያዩትን ልጆች አንድ ቀን ቆማችሁ ተመልከቱ፤ ዒላማ የሚጠብቅ ሰው ነው የሚመስሉት።

ቡልቡላን ለማታውቋት፣ ከቦሌ አየር ማረፊያ ማኮብኮቢያ በስተደቡብ ነን። ካርታ ላይ ስታዩን ቦሌ አፍንጫ ሥር ነን። ግን ማኮብኮቢያ አይቋረጥም፤ ዳርዳሩን መዞር ነው። ከተማዋ ደግሞ ወደ አቃቂ እየወረደች ስለምትሄድ ከእኛ ሰፈር ወደ ቦሌ መሄድ ማለት ዳገት መውጣት ማለት ነው። ሬስቶራንቱና ከፋዩ ደንበኛ ያሉት ላይ፣ አዳኞቹ የምንኖረው ታች። ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩም ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፔዳል መምታት እዚህ ቀልድ አይደለም።

ትንሽ ሒሳብ ልሥራ፣ ካልሠራሁ የተማርኩት ይቆጨኛል። ልጁ፣ ሳይክሉና ቦርሳው አንድ ላይ 100 ኪሎ ናቸው እንበል። 100 ሜትር ከፍታ መውጣት አለባቸው። ጤነኛ ወጣት ሳይደክም ለረጅም ሰዓት ሊያወጣ የሚችለው ጉልበት ወደ 100 ዋት ነው። በዚህ ጉልበት፣ የጎማውን ሰበቃና ነፋሱን ሳንቆጥር፣ ዳገቱ 16 ደቂቃ ይፈጃል። 250 ዋት የሆነች ትንሽ ሞተር ብትታገዘው 5 ደቂቃ አይሞላም። በቀን አሥር ጊዜ ሲመላለስ አስቡት። ያ ልዩነት ነው ራት የሚሆነው።

ወጪውስ? የተለመደች 48 ቮልት፣ 10 አምፒር ሰዓት ባትሪ ከባዶ እስክትሞላ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው የምትጠጣው። ያ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ እንኳ አይሆንም። ቤንዚን ማደያ ተሰልፎ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ተረት ይመስላል።

ታዲያ ልጁ ለምን አልተሻለውም?

ምክንያቱም ሳይክሉ የሱ አይደለም። በቀን ሒሳብ የተከራየው ነው። ኦርደር መጣ አልመጣ፣ ዘነበ አልዘነበ፣ መብራት ሄደ አልሄደ፣ ማታ የኪራዩ ይከፈላል። ክፍል ውስጥ ቋሚ ወጪ ብለን የተማርነው ነገር በሥጋ ለብሶ ደረጃችን ላይ ሲቀመጥ ያየሁት ያኔ ነው። ባለፈው ክረምት ሦስት ቀን አከታትሎ መብራት ጠፋብን፤ ልጁ ሦስቱንም ቀን በፔዳል ብቻ እየሠራ የሞተር ኪራይ ከፈለ። አከራዩን ክፉ ነው አልልም። ባትሪ ከ500 እስከ 1,000 ጊዜ ቻርጅ ከተደረገ በኋላ አቅሙ እየወረደ ይሄዳል፤ በየቀኑ ለሚሠራ ሰው ያ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። የሳይክሉ ውድ ዕቃ ደግሞ ባትሪው ነው፤ አከራዩም ይህን እያሰበ ነው ዋጋ የሚተምነው። ግን ልጁ በኪራይ የከፈለውን ብንደምረው፣ ሳይክሉን ገዝቶ ባትሪውንም በቀየረ ነበር። አንድ ላይ ስለሌለው ነው በጥቂት በጥቂቱ አብልጦ የሚከፍለው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ብሷል። ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ሳይክሉም፣ ባትሪውም፣ ጎማውም በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው።

መንግሥት ለኤሌክትሪክ ግድ የለውም ማለት አይቻልም። በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ከዚያ በፊትም የኤሌክትሪክ መኪኖች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ተደርገው ነበር። ጥሩ ነው። ግን ያንን ቅናሽ የበላው ሚሊዮኖች ያለው ሰው ነው። ዳገት የሚገፋው ልጅ የሚያስፈልገው ብድር ነው፣ ባንክ ደግሞ ቤት አስይዝ ይለዋል። ቤት ቢኖረው ደሊቨሪ ይሠራ ነበር?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የረሳው ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 የሚንቀሳቀስ ንብረትን ለብድር ማስያዝ ይፈቅዳል። ላም፣ ማሽን፣ መኪና ይያዛል። ታዲያ ሳይክሉ ለምን የራሱ ዋስ አይሆንም? የሻሲ ቁጥር ይመዝገብ፣ ባትሪው ቁጥር ይኑረው፣ ልጁ ለአከራይ በየቀኑ የሚከፍለውን ለባንክ ወይም ለማይክሮ ፋይናንስ ይክፈል። ዕዳው ሲያልቅ ሳይክሉ የሱ ነው። ይጠፋል፣ ይሰረቃል የሚለው ስጋት እውነት ነው፤ ግን አከራዩም ያው ስጋት አለበት፣ ሆኖም ያከራያል።

ይህ እንዲሆን አንድ ጥያቄ አስቀድሞ መመለስ አለበት፦ ይሄ ነገር ሞተር ነው ወይስ ሳይክል? ልጁን አንድ ትራፊክ አስቁሞ «ታርጋህስ?» ብሎት ነበር። እሱም ፔዳሉን እየመታ አሳየው። ነገሩ በሳቅ አለፈ፣ ቀጣዩ ትራፊክ ላይስቅ ይችላል። በ2011 አዲስ አበባ ሞተር ሳይክል ስትከለክል ስንት ልጅ በአንድ ጠዋት ሥራ እንደፈታ እናስታውሳለን።

ሌሎች አገሮች መስመሩን በቁጥር ነው ያሰመሩት። አውሮፓ ሞተሩ ከ250 ዋት ካልበለጠ፣ ፔዳል ሲመታ ብቻ ካገዘና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ካቆመ ሳይክል ነው ይላል፤ ታርጋ የለም፣ መንጃ ፈቃድ የለም። ቪዲዮው ላይ ያየሁት አዳኝ እንኳ ከዚህ ጥያቄ አላመለጠም። አሜሪካ ውስጥ በአንዳንድ የመንግሥት መሬቶች ሳይክሉ እንደ ሳይክል ይቆጠራል፣ በብሔራዊ ደኖቿ ግን እንደ ሞተር ተቆጥሮ ለእግረኛና ለተራ ሳይክል ብቻ በተፈቀደ መንገድ አይገባም። በእግሩ የሚያድነውም ያጉረመርማል፤ እኔ በላብ የደረስኩበትን አንተ በባትሪ ቀደምከኝ ይላል። ካፌው በር ላይ ተራ ሳይክል የያዙት ልጆች የሚሉትም ይሄንኑ ነው።

መስመሩ ሳይሰመር ሲቀር ምን እንደሚሆን ደግሞ ኒውዮርክ አሳይታናለች። እ.ኤ.አ. እስከ 2020 ድረስ ፖሊስ የደሊቨሪ ሠራተኞችን ኤሌክትሪክ ሳይክል እየወረሰ 500 ዶላር ይቀጣ ነበር፤ አብዛኞቹ ስደተኞች ናቸው። በዚያው ከተማ በ2018 የኪራይ ሳይክሎች ፔዳል የሚያግዝ ሞተር ተገጥሞላቸው በሕጋዊ መንገድ ይሽከረከሩ ነበር። ሕጉ ከተቀየረ በኋላም ሌላ ጣጣ መጣ። ርካሽ ባትሪዎች እየተቃጠሉ በ2023 ብቻ 18 ሰው ሞተ፣ ከተማዋም ደረጃቸው ያልተረጋገጠ ባትሪዎች እንዳይሸጡ ከለከለች። ይሄን ካነበብኩ ጀምሮ ደረጃው ሥር ቻርጅ ላይ የሚያድረውን ባትሪ ሳይ እንቅልፌ ይሸሻል። አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፣ መውጫው ደግሞ ያው ደረጃ ነው።

ለአዳኞቹ ብቻ ጠበቃ እንዳልመስል ይሄንንም ልበል። እናቴን ባለፈው ወር ማዞሪያው ጋ አንዱ በእግረኛ መንገድ እየበረረ ሊገጫት ለጥቂት ነው የዳነችው። ድምፅ የለውማ! አውሬው እንዳይሰማ የሚረዳው ነገር እናቴንም አላሰማትም። ልጁን ስነግረው «ፍጥነት ካልሄድክ ኦርደሩ ያመልጣል፤ ግን ማዘርን ይቅርታ በልልኝ» አለኝ። ከቦሌ አየር ማረፊያ እስከ መገናኛ ባለው ኮሪደር የተሠራው የሳይክል መንገድ ሲደርስ ልቡ እንደሚያርፍ ይናገራል። ችግሩ እዚያ እስኪደርስ ነው። እኛ ሰፈር ሳይክል የሚሄደው ወይ ከሲኖትራክ ጋር ተጋፍቶ ነው፣ ወይ ከእናቴ ጋር።

ትናንት ማታ ሲገባ አገኘሁት። ባትሪውን ነቅሎ በብብቱ ይዞ ደረጃውን እየወጣ ነበር። ስንት አደንክ አልኩት። «አሥራ አንድ» አለኝ። «ስድስቱ የአከራዩ ናቸው።»