የወረዳውን ስም ቀይር፣ ጥናቱን አስረክብ

ጊዜ ካላችሁ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የመመረቂያ ጽሑፎች ድረ ገጽ ክፈቱና በትምህርት አመራርና አስተዳደር ዘርፍ የተሠሩትን የማስተርስ ጥናቶች ርዕስ ብቻ እያነበባችሁ ውረዱ። «የትምህርት ቤት አመራር አተገባበርና ተግዳሮቶች በእንዲህ ያለ ክፍለ ከተማ»። «የትምህርት ቤት መሻሻል ፕሮግራም አተገባበርና ተግዳሮቶች በእንዲህ ያለ ዞን»። «የሱፐርቪዥን አተገባበርና ተግዳሮቶች በእንትን ወረዳ»። ብዙ ብትወርዱም የሚቀየረው የቦታው ስም ነው።

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። በእኛ ሙያ እንዲህ ያለው ነገር ፈንክሽን ይባላል፤ ግብዓት ትሰጠዋለህ፣ ውጤት ይመልስልሃል። የዚህኛው ግብዓት የወረዳ ስም ነው። ውጤቱ ግን የትኛውንም ወረዳ ብታስገባ ያው ነው፦ በጀት አጥሯል፣ ርዕሳነ መምህራኑ በቂ ሥልጠና አላገኙም፣ የወላጆች ተሳትፎ ዝቅተኛ ነው፣ ስለዚህ የሚመለከታቸው አካላት ሥልጠና ይስጡ። ምንም ቢያስገቡበት አንድ መልስ የሚሰጥ ፈንክሽን ካለ ደግሞ ደጋግሞ መጥራት ምን ይሠራል? መልሱን ግድግዳ ላይ ጽፎ መቀመጥ ይቻላል።

ነገሩ የቀልድ አይደለም አቦ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 900 ሺህ ገደማ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ሆኑ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች መጀመሪያ ከ1,100 በላይ፣ በዓመቱ ከ1,300 በላይ ነበሩ። አንድ ተማሪ ሲወድቅ «አላጠናም» ማለት ይቻል ይሆናል። ትምህርት ቤቱ ከነሙሉ ተማሪው ሲወድቅ ግን ጉዳዩ የአመራር ነው።

እኔን የገረመኝ ውጤቱ ሳይሆን ድንጋጤያችን ነው። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስዶ ኩረጃው ሲጠብ ነው እውነቱ የታየው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት አጥኚዎች መጠይቅ ይዘው እንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤቶች ሲገቡና ሲወጡ ነበር። ታዲያ ልጆቹ አለመማራቸውን እንዴት ሳያዩ ወጡ?

መልሱ መጠይቁ ውስጥ አለ። «ርዕሰ መምህሩ ራዕዩን በግልጽ ያሳውቃል፤ በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ እርግጠኛ አይደለሁም፣ አልስማማም፣ በጣም አልስማማም።» ይሄን የሚሞላው ማነው? ርዕሰ መምህሩ ስለ ራሱ፣ መምህሩ ደግሞ የሥራ አፈጻጸም ነጥቡን ስለሚሰጠው አለቃው። ከዚያ ቁጥሩ ተደምሮ ለአማካይ ይካፈላል፤ ለምሳሌ 3.42 ይመጣል፤ «መካከለኛ» ይባላል። ያቺ 3.42 አንድ ልጅ ማንበብ ይችል እንደሆነ አትነግርህም። የምትነግርህ ሰዎች ወረቀት ላይ ምን ማለት እንደሚሻላቸው ነው።

በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ድሬ እንደ ምጣድ በምትግልበት ሰሞን፣ ማስተርሳቸውን የሚጨርሱ መምህራን ኤስፒኤስኤስ ያወጣላቸውን ሠንጠረዥ እንዳስረዳቸው ይደውሉልኛል። ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር ላፕቶፕ ከፍተን እንቀመጣለን። ሰዎቹ ጎበዞች ናቸው። ስለ ትምህርት ቤታቸው ሲያወሩኝ ወረቀቱ ላይ የሌለውን ሁሉ ያውቁታል፦ የትኛው መምህር ለምን እንደሚቀር፣ የትኛው ክፍል ከምሳ በኋላ እንደሚባዶ፣ ርዕሰ መምህሩ ከሳምንቱ ስንቱን ቀን ስብሰባ እንደሚውል። «ታዲያ ይሄ ለምን ጥናቱ ውስጥ የለም?» ስላቸው የሚመልሱልኝ ተመሳሳይ ነው፦ «አማካሪዬ አይቀበለውም።» ማለትም የሚያውቀውን ሰው ወስደን የማያውቅ አስመስለን እናስመርቀዋለን።

የትምህርት ቤት አስተዳደር ጥናት በራሱ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። እነ ኒኮላስ ብሉም እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት በስምንት አገሮች የሚገኙ ከ1,800 በላይ ትምህርት ቤቶችን አመራር ለክተዋል። «ራዕይ አለህ ወይ?» ብለው አልጠየቁም። ርዕሰ መምህሩን ሥራውን በዝርዝር እንዲያወራ አድርገው፣ ነጥብ እየተሰጠው መሆኑን ሳይነግሩት መዘኑት። አመራሩ የተሻለ በሆነበት የተማሪዎች ውጤትም የተሻለ ሆኖ አገኙት።

ከዚህ በላይ እኛን የሚመለከተው ግን የሕንዱ ነው። በማድያ ፕራዴሽ ግዛት ትምህርት ቤቶች ራሳቸውን እንዲገመግሙና የማሻሻያ ዕቅድ እንዲያወጡ የሚያደርግ ፕሮግራም ነበር። ካርቲክ ሙራሊድሃራንና አብሂጂት ሲንግ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1,774 ትምህርት ቤቶች ፈተኑት። ግምገማው ተሠርቷል፣ ዕቅዱ ተጽፏል፤ የመምህራኑ ጥረትም የልጆቹ ትምህርትም ግን ፈቅ አላለም። ወረቀቱ ስላማረ ብቻ ፕሮግራሙ ከ600 ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች እንዲደርስ ተደረገ።

ራስን መገምገም፣ የሦስት ዓመት ዕቅድ፣ ዓመታዊ ዕቅድ… የምታውቁት ነገር መሰላችሁ? ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የሚሠራበት የትምህርት ቤት መሻሻል ፕሮግራም አካሄድም ይሄው ነው። አራቱን ርዕሰ ጉዳዮች መምህራን በቃላቸው ያውቋቸዋል፦ መማር ማስተማር፣ ምቹ አካባቢ፣ አመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ። በዚህ ፕሮግራም ስም የተጻፈው መመረቂያ ብዙ ነው። የሕንዶቹን ጥያቄ የሚጠይቀው፣ ማለትም «ዕቅዱ ከተጻፈ በኋላ ክፍል ውስጥ ምን ተለወጠ?» የሚለው ግን ከስንት አንዴ ነው የሚያጋጥማችሁ።

«አንተ ደግሞ!» የሚለኝ አይጠፋም። «ደመወዙ ለወር የማይበቃው፣ በክረምት እየተመላለሰ የሚማር መምህር 1,774 ትምህርት ቤት ከየት አምጥቶ ያጥና?» እውነት ነው፣ ሊያጠና አይችልም። ግን ሁለት ትምህርት ቤት ይበቃዋል። ድሬዳዋ ከተማውንም ገጠሩንም የሚያስተዳድረው አንድ ትምህርት ቢሮ ነው፤ የመምህሩ ደመወዝ እርከንም አንድ ነው። በቢዮ አዋሌ ወይም በዋሂል በኩል በአንድ ጉድኝት ያሉ፣ በተማሪ ብዛትም በወላጅ አቅምም የሚቀራረቡ ሁለት ትምህርት ቤቶች ፈልግ። የሦስት ዓመት የ8ኛ ክፍል ውጤታቸውን ከሮስተር ላይ ገልብጥ። ልዩነት ካለ ሁለቱም ጋ ሄደህ ቁጭ በል። ጠዋት ደወል ሲደወል ስንት መምህር ክፍል ውስጥ እንዳለ ቁጠር። የስም መጥሪያውን ወንበር ላይ ካለው ልጅ ጋር አስተያየው። ይሄ ደብተርና እግር እንጂ የፕሮጀክት ብር አይፈልግም። ባዶ እጅህን ብትመለስ እንኳ «ልዩነቱን የሚያመጣው እኔ የጠረጠርኩት ነገር አይደለም» ብለህ መጻፍ ትችላለህ። እሱም ዕውቀት ነው።

በእኛ ሥራ ሊወድቅ የማይችል ቴስት ቴስት አይባልም። ሁሌ አረንጓዴ የሚያበራ ከሆነ ኮዱን እየፈተሸው አይደለም ማለት ነው። ለዩኒቨርሲቲዎቻችን የማቀርበው ጥያቄም ከዚህ የመጣ ነው፦ ርዕስ ከማጽደቃችሁ በፊት ተማሪውን «ምን ብታገኝ ግምቴ ስህተት ነበር ትላለህ?» በሉት። መልስ ከሌለው ርዕሱን መልሱለት። የአማካሪ ሥራ ኅዳግ ማስተካከል ብቻ መሆን የለበትም።

ሌላም አለ። ጥናቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚቀመጠው ዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ ላይ። መጠይቁን የሞላው መምህር፣ ልጁን የላከው ወላጅ ግን ድሬ ውስጥ የሚያወራው በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በአማርኛ ነው። የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረቱ ስለራሱ ትምህርት ቤት የተጻፈውን አያየውም። እኛ ጋ ተጠቃሚው ፈጽሞ የማይከፍተውን አፕ ሠርተህ «ጨርሻለሁ» ብትል ይሳቅብሃል። እዚህ ግን ዲግሪ ይሰጥሃል። ሁለት ገጽ ማጠቃለያ በትምህርት ቤቱ ቋንቋ ጽፎ፣ በኅብረቱ ስብሰባ ላይ አንብቦ፣ ማኅተም አስመትቶ ያልመጣ ሰው ለምን ይመረቃል?

ይህን ከምታነቡት ብዙዎቻችሁ ያን ፈተና የወሰዳችሁ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ ነገ መምህር ትሆናላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ይሄንኑ ማስተርስ ትጀምራላችሁ። መጠይቅ የያዘ ሰው ደጃችሁ ሲመጣ አክብራችሁ ተቀበሉት፣ ውኃም ስጡት። ከመሙላታችሁ በፊት ግን ውጤቱን መቼና በየትኛው ቋንቋ ይዞላችሁ እንደሚመለስ ጠይቁት። መልስ ከሌለው ወረቀቱን ባዶውን መልሱለት።