«ባልና ሚስት ናቸው» ተብለው የተሸጡ ዓሦች

ሳሎናችሁ ውስጥ የዓሣ ገንዳ ያላችሁ፣ ወይም ልጆቻችሁ «ይገዛልን» እያሉ የሚነዘንዟችሁ ከሆነ የዛሬው ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ሌሎቻችሁም አብራችሁን ቆዩ፤ ነገሩ ስለ አንድ ያልተሳካ ትዳር ነውና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ሱቅ ሁለት ትንንሽ ዓሦች ገዛሁ። ሻጩ «ፔሩ ውስጥ ከወንዝ የተያዙ ናቸው፤ ባልና ሚስት ናቸው» አለኝ። ወንዱ የጣት ርዝመት ያህላል፤ የጀርባው ክንፍ ከፊት በኩል እንደ ቁንጮ የቆመ ነው። ሴቷ የእርሱን ግማሽ ብታክል ነው፤ መልኳም አመድማ። ሦስት ወር ሙሉ እርሱ ክንፉን ዘርግቶ ሲሽቀረቀርላት እርሷ ከድንጋይ ሥር አልወጣም አለች። ውሎ አድሮ ይነክሳት ጀመር፤ ጅራቷ ተተለተለ። እኔም ጥፋቱን በእርሷ ላይ አደረግሁ። «ዓይን አፋር ናት፣ ትለምዳለች» እያልኩ ጠበቅሁ።

አንድ ቀን ዓሣ በማርባት ብዙ ዘመን ያሳለፈ ወዳጄ ሊጠይቀን መጣ። ገንዳው ፊት ተቀምጦ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ዝም ብሎ ሲያያቸው ቆየ። ከዚያ «ወንድሜ፣ እነዚህ እኮ ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ ዘር አይደሉም» አለኝ።

እስቲ ስለ ዓሦቹ ጥቂት ልንገራችሁ። ሲክሊድ ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው። ከዝዋይና ከሐዋሳ ሐይቅ ወጥቶ ገበታችን ላይ የሚቀርበው ቆሮሶም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። እነዚህኞቹ ግን ድንክ ናቸው፤ ወንዶቹ ከ8 ሴንቲ ሜትር እምብዛም አያልፉም። አፒስቶግራማ የሚባለው የድንኮቹ ወገን በደቡብ አሜሪካ ወንዞች ይኖራል። ስሙን ሳይንቲስቱ ሬጋን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1913 ሲሆን ዛሬ የተሰየሙት ዝርያዎች ከ90 በላይ ደርሰዋል። ገና ስም ያላገኙም አሉ።

ታዲያ መቀላቀሉ ከየት ይመጣል? ዓሦቹ የሚኖሩት በጫካ ጅረቶች ዳር፣ የረገፈ ቅጠል በተከማቸበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ነው። አጥማጁ መረቡን ቅጠሉ ሥር ሰዶ ሲያነሣ ሁለትና ሦስት ዝርያ አብሮ ሊወጣ ይችላል። ከየጅረቱ የተያዘው እንደ ኢኪቶስና ማናውስ ባሉ ከተሞች ይሰበሰብና ወደ ውጭ አገር ይላካል። ወንዶቹን መለየት ብዙም አያስቸግርም፤ ሴቶቹ ግን ትንንሽና አመድማ ስለሆኑ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። በዚያ ላይ ከእነዚህ ዓሦች የብዙዎቹ ወንድ በአንድ ጊዜ ብዙ ሚስት ያገባል (በዚህስ ከእርሱ አንማር!)። ስለዚህ ገዢው ለአንድ ወንድ ሦስት አራት ሴት ይገዛል። ከአራቱ አንዷ ባዕድ ብትሆን ማን ያውቃል?

ተሳሳትኩ ብላችሁ ግን አትፈሩ። ዛሬ ካካቱዎይድስ የምንለው ዓሣ፣ የእኔው ወንድ ማለት ነው፣ በአርቢዎች ዘንድ ለብዙ ዓመታት ቦሬሊ ሲባል ኖሯል። እውነተኛው ቦሬሊ ደግሞ ሬይትዚጊ በሚል ሌላ ስም ይሸጥ ነበር። ስዊድናዊው ስቬን ኩላንደር እ.ኤ.አ. በ1980 ይህን ወገን የሚመለከት ሰፊ ጥናት አሳትሟል፤ የስሞቹን ውጥንቅጥ ለማጥራት ከሠሩት ዋነኛው እርሱ ነው።

ወዳጄ ያስተማረኝ የመጀመሪያው ነገር ቀለምን አለማመን ነው። ቀለም በምግብ፣ በብርሃንና በስሜት ይለዋወጣል። ከመንገድ የገባ ዓሣ ደግሞ በድንጋጤ ይገረጣል። ሱቅ ውስጥ የምታዩት እንደ እሳት የቀላ ካካቱዎይድስ በእርባታ እየተመረጠ የመጣ ነው፤ ከወንዝ የተያዘው ወንድሙ አጠገቡ ቢቆም የደኸየ ይመስላል። ስለዚህ ለስላሳ ውኃና ደረቅ ቅጠል ስጡትና ሁለት ሦስት ሳምንት ይረፍ። ከዚያ ጥቁር ምልክቶቹን ተመልከቱ። ከዐይኑ እስከ ጅራቱ ጎኑን የሚያቋርጠው መስመር ወፍራም ነው ወይስ ቀጭን? ጅራቱ ሥር ካለው ነጠብጣብ ጋር ይገናኛል ወይስ ሳይደርስ ይቆማል? ከመስመሩ በታች፣ ሆዱ ላይ፣ ሌሎች ቀጫጭን መስመሮች አሉ? ቀጥሎ የጅራቱ ቅርጽ ይታያል። የአጋሲዚ ወንድ ጅራት እንደ ጦር ጫፍ ይሾላል፤ የካካቱዎይድስ ላይና ታች ሁለት ጫፍ ያወጣል፤ የቦሬሊ ክብ ነው። ወንዱ ጎልማሳ ካልሆነ ግን ክንፉና ጅራቱ ገና ስላልበቀሉ አትቸኩሉ።

እናቲቱስ? ዕንቁላል ስትጥል አመድማነቷን ጥላ ቢጫ ትለብሳለች፤ ጥቁር ምልክቶቿም ይለወጣሉ። ለምሳሌ የኒይሴኒ ሴት በቢጫው ላይ ትልልቅ ጥቁር ነጠብጣብ ስለምታወጣ ከባሏ ይልቅ እርሷን መለየት ይቀላል። የእኔዋ ግን በወንዱ ሆድ ላይ ከሚታዩት ቀጫጭን መስመሮች አንዱም አልነበራትም፤ በተረጋጋችበት ሰዓት እንኳ። ሦስት ወር በየቀኑ ሳያት አላስተዋልኩም።

«ዓሣ ነው፣ ቢደባለቅ ምን ይጎዳል?» የምትሉ አትጠፉም። እ.ኤ.አ. በ2006 በብራዚሉ አፒስቶግራማ ኬቴይ ላይ የወጣ ጥናት፣ በየአካባቢው መልካቸው የሚለያይ የዚህ ዓሣ ሴቶች የራሳቸውን አካባቢ ወንድ እንደሚመርጡ አሳይቷል። እኛ አንድ ስም የሰጠናቸውን እነርሱ ይለያሉ። ገንዳ ውስጥ ግን ምርጫ የለም። የሌላ ዘር ወንድ ብቻ ካለ፣ አንዳንዷ እስክትሞት ትነከሳለች፤ አንዳንዷም ዲቃላ ትወልዳለች። ልጆቹ በአባታቸው ስም ተሸጠው እንደገና ይወልዳሉ፤ ከዚያ በኋላ ማጥራት አይቻልም። (አንዳንዱ ደግሞ ልጆቹ ሁሉ ወንድ ሲሆኑበት «ዲቃላ ናቸው» ብሎ ይደነግጣል። ሮመርና ባይዘንሄርዝ እ.ኤ.አ. በ1996 እንዳሳዩት ሙቅ ውኃ ወንድ ያበዛል፤ መጀመሪያ ቴርሞሜትሩን እዩ።)

ስለዚህ ስትገዙ ከዝርያው ስም ይልቅ የወንዙን ስም ጠይቁ። ሻጩ ከነገራችሁ ገንዳው ላይ ለጥፉት፤ ልጆቹን ስትሰጡም አብራችሁ ስጡት። ካላወቀ «ወንዙ ያልታወቀ» ብላችሁ ጻፉ እንጂ አትገምቱ።

ሴቷን ያን ዕለት ማታ ወደ ሌላ ገንዳ አዛወርኳት፤ ጅራቷ በአንድ ወር ውስጥ ዳነ። ወንዱ እስካሁን ብቻውን ነው። ባለቤቴ «ሌላ አምጣለት እንጂ፣ አሳዘነኝ» ትለኛለች። ሱቁ ሄጄ ወንዙን ብጠይቅ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው «ፔሩ» ብቻ ነበር አሉኝ።