ያረጀ ቀለም ሁሉ የሞተ አይደለም

አንባቢዎች ሆይ፤ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዲት አሮጌ አውቶሞቢል ነው። «እኛ ተማሪዎች ነን፤ መኪና ከየት አምጥተን?» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። ደመወዙን በቤት ኪራይና በትራንስፖርት የሚጨርሰው አዲሱ የመንግሥት ሠራተኛም እንዲሁ ይታገሠኝ። እኔም አስተማሪ ነኝና መኪና የለኝም፤ መኪናይቱ የአጎቴ ናት።

አጎቴን እኛ የእህትና የወንድም ልጆች ሁሉ «ጋሼ» እንላቸዋለን። የሚኖሩት ላፍቶ ነው። በወጣትነታቸው ከደመወዛቸው ቆጥበው፣ በ1960 ዓ.ም. የተሠራች ሰማያዊ ቮልስዋገን ከሌላ ሰው ገዝተው ነበር። ጡረታ ወጥተው ዓይናቸውም ከደከመ ወዲህ መንዳቱን ተዉት፤ መኪናይቱም ከግቢው ጥግ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ በላስቲክ ተሸፍና ስድስት ክረምት አሳለፈች።

ዘንድሮ የልጃቸው ሠርግ ለጥር ተቆረጠ። ጋሼም «ልጄ ከዚህ ቤት የምትወጣው በዚችው መኪና ነው» አሉ። ላስቲኩን ብንገልጠው ሰማያዊው ቀለም አመድ መስሏል። ጋሼ እጃቸውን በፊት ክዳኗ ላይ አሳለፉና መዳፋቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ሰማያዊ ብናኝ ነበረበት። «ዱቄት ሆናለች» አሉና ዝም አሉ።

አንድ ቀለም ቀቢ ተጠርቶ መጣ፤ ሁሉን ፍቆ ነጭ ሊቀባት የጠየቀው ዋጋ ግን ከጋሼ የብዙ ወር ጡረታ በለጠ። ዘመድም «ሽጧትና ለሠርጉ ሌላ ተከራዩ» ማለት ጀመረ። ዳሩ ግን የዚህ ዓይነቷ ቮልስዋገን የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ከምትገኘው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ ድረስ 21,529,464 ተሠርተዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን አንዲትም አልተሠራችም። በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከላቸው ተነገረ። ስለዚህ በእጅ ያለውን መጠበቅ ብልህነት ነው ብዬ፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ ልሞክራት» ስል ቃል ገባሁ።

ለመሆኑ ቀለም ለምን ዱቄት ይሆናል? ቀለም ማለት መልክ የሚሰጥ ደቃቅ ዱቄትና ያንን ዱቄት አጣብቆ የሚይዝ ሙጫ መሳይ ነገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሯ ስስ፣ ፀሐይዋም ብርቱ ናት። ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ጨረር በየሺህ ሜትሩ አሥር በመቶ ያህል ይበረታል። ይህ ጨረር ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ተባብሮ ማጣበቂያውን ይበላዋል፤ ያን ጊዜ ዱቄቱ ከላይ ተፈትቶ ይቀራል። የታችኛው ግን ብዙ ጊዜ ደኅና ነው። ጋሼ በመዳፋቸው ያዩት የቀለሙን ሞት ሳይሆን የላዩን ቆዳ ብቻ ነበር።

ንፋስ ስልክ የሰፈሩን ስም የያዘ የቀለም ፋብሪካ ያለበት ቦታ ነው፤ ቀለም አይቸግረንም። ሆኖም ከመቀባት በፊት መመርመር ይቀድማል። በነጭ ጨርቅ ላይ ጥቂት ፖሊሽ አድርጋችሁ ከማይታይ ቦታ እሹት። ጨርቁ የመኪናውን መልክ ከያዘ ቀለሙ የጥንቱ ዓይነት ነውና ተስፋ አለው። በኋለኞቹ መኪኖች ግን ከቀለሙ በላይ እንደ መስተዋት ጥርት ያለ ሌላ ልባስ አለ፤ እሱ እንደ ዓሣ ቅርፊት መላጥ ከጀመረ ፖሊሽ አያድነውም፤ መቀባት ግድ ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ በማጠብ አለቀ። በጥላ፣ ከላይ ወደ ታች፣ በሁለት ባልዲ ይታጠባል፤ አንዱ የሳሙናው፣ ሁለተኛው ጨርቁ የሚለቀለቅበት ነው። አቧራን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ መኪናን በአሸዋ እንደ መፈተግ ይቆጠራል። በናፍጣ የሚወለውሉም አሉ፤ ለአንድ ቀን ያብለጨልጭና አቧራውን ሁሉ ይሰበስባል። የባሕር ዛፉን ሙጫ ለብ ባለ ውኃ በራሰ ጨርቅ እየሸፈንኩ በትዕግሥት አላቀቅሁት። ላስቲኩም እርጥበት አፍኖ ኖሮ ከፓራፋንጎዋ ሥር ዝገት ጀምሯል። ዝገት በፖሊሽ አይድንምና በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ ፍቄ ጸረ ዝገት ቀለም ቀባሁት።

በሁለተኛው ቅዳሜ ፖሊሹ ተጀመረ። መጀመሪያ ለስላሳውን መሞከር፣ እሱ ካልበቃ ብቻ ወደ ሻካራው መሄድ ነው። የክንድ ያህል ቦታ ብቻ እየያዝኩ ስፈትግ፣ ከአመዱ ሥር ሰማያዊው እንደ መስከረም ሰማይ ብቅ አለ። የጋሼ ልጅ ቡናዋን ትታ መጥታ አየችው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በሦስተኛው ቅዳሜ ሠርጉ ስለ ደረሰ ቸኮልኩ። የላይኛው ቀለም ውፍረት ከአንዲት ፀጉር እምብዛም አይበልጥም፤ በጠርዝ ላይ ደግሞ ይሳሳል። እኔም የፊት ክዳኗን ጠርዝ ጫን ብዬ ስፈትግ የአውራ ጣት ያህል ቦታ ግራጫ ሆነ። ተማሪ የተሳሳተውን ፊደል በላጲስ አጠፋለሁ ሲል ወረቀቱን እንደሚቀደው መሆኑ ነው። ምን አደረግሁ? «የጋሼ ዓይን ደክሟል» አልኩና ሰም ቀብቼበት ዝም አልኩ። በክፍሌ ውስጥ ስለ እውነት የማስተምር ሰው!

በማግሥቱ ጋሼ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። እጃቸውን በክዳኗ ላይ አሳለፉ፤ መዳፋቸውን አስጠግተው አዩት። ንጹሕ ነበር። ፈገግ አሉ። እንደገና አሳለፉ፤ ጠርዙ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«እዚህ ጋ ምን ነካት?»

ነገርኳቸው።

«ቀለሙ ቢሄድ ግድ የለም፤ እኔም ስንት ጊዜ አጋጭቻታለሁ። ዓይኑ አያይም ብለህ መደበቅህ ነው ያስቀየመኝ። በል፣ እርጥበት ሳይገባው ቀባው።»

በሰማያዊ ቀለም ደረብኩበት፤ መልኩ ጥቂት ስለሚለይ የሚያውቅ ሰው ያየዋል። ሞተሩንና ፍሬኑን አንድ መካኒክ ዘመዳችን ካየው በኋላ፣ በጥር ሙሽራይቱ በአባቷ መኪና ከቤት ወጣች። ዛሬ መኪናይቱ የምትሸፈነው አየር በሚያስወጣ ጨርቅ ነው፤ በየሦስት ወሩም ሰም ትቀባለች።

እናንተም፣ አንባቢዎች፣ መኪና ባይኖራችሁ የአባት ብስክሌት ወይም የአያት ሣጥን በቤታችሁ ጥግ ይኖራል። አርጅቷል ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት እጠቡት፤ ከማይታየው በኩል ሞክሩት፤ ሳይበዛም አቁሙ። እጃችሁ ቢስት ደግሞ የባለቤቱ ጣት ሳያገኘው በፊት ንገሩት።