ሳማን ብሉት፤ በሕክምና ቦታ ግን አትተኩት



ስለ ሳማ ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። «ለጨጓራ ይሆናል?» «ለልጄ ደም ማነስ ልስጠው?» በውስጥ መስመር ደግሞ «ጨብጥ ያድናል ይባላል፣ እውነት ነው?» የሚል ይመጣል። ዛሬ አቋሜን በግልጽ ልንገራችሁ።

ሳማን አልንቅም። ሳይንሳዊ ስሙ ኡርቲካ ሲመንሲስ ነው፤ በስሜን ተራሮች ስም የተጠራ፣ የሀገራችን ደጋ ተክል ነው። በጾምም በክፉ ቀንም ብዙ ቤተሰብ መግቧል። አይረንና ካልሲየም አለው፣ ሲቀቀል መለብለቡ ይጠፋል። እንደ ጎመን ሠርታችሁ ብትበሉት ደስ ይለኛል።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሳማ የሚወደስባቸው ሕመሞች አንዳንዶቹ በራሳቸው ጊዜ የሚተኙ ናቸው። ሕመሙ ሲተኛ ምስጋናው ለሳማው ይሄዳል፤ በሽታው ግን ውስጥ ውስጡን ይሠራል።

👉 ጨብጥ፦ ሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም። ወንዶች ላይም ፈሳሹና ማቃጠሉ ሳይታከም ሊቀንስ ይችላል። ባክቴሪያው ካልጠፋ ግን ለመካንነት ያጋልጣል፤ በወሊድ ጊዜ ወደ ሕፃኑ ዓይን ተላልፎ ሊያሳውረው ይችላል። የሚያድነው ሐኪም ያዘዘው አንቲባዮቲክ ነው፤ ያውም ጥንዶቹ አብረው ሲታከሙ።

👉 ጨጓራ፦ ዋነኛ መንስኤው ኤች ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ ነው፤ ተመርምሮ በመድኃኒት ይጠፋል። ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሳችሁ፣ ሳማ መቀቀሉን ትታችሁ ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

👉 የልጆች ደም ማነስ፦ ይህ ደግሞ ድምፅ የለውም። ልጁ ይገረጣል፣ ቶሎ ይደክመዋል፣ አንዳንዴ አፈር ይበላል። ከቅጠል የሚገኝ አይረን ወደ ሰውነት የሚገባው በጥቂቱ ስለሆነ፣ ትንሽ ልጅ በልቶ የጎደለውን መሙላት ያዳግተዋል። መንስኤው የአንጀት ትል ወይም ወባ ከሆነ ደግሞ ሳማው አይደርስበትም። ደሙ ይመርመር፤ ካስፈለገ የአይረን ሽሮፕ ይታዘዝለት። ሳማው ከሕክምናው ጎን ምግብ ይሁን፤ ሎሚ ጠብ ቢደረግበት አይረኑ የተሻለ ይሠራል።

ጥንቃቄ፦
✔ ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን የሳማ ውኃ አይሰጥም፤ ጡት ብቻ ይበቃዋል።
✔ ዋርፋሪን የምትወስዱ የልብ ሕሙማን፣ ነፍሰ ጡሮችና የኩላሊት ታካሚዎች መጀመሪያ ሐኪማችሁን አማክሩ።
✔ አራት ኪሎና ቀበና አካባቢ ያላችሁ፣ ከወንዝ ዳር የበቀለውን አትልቀሙ፤ የከተማችን ወንዞች ፍሳሽ ይገባባቸዋል።

«ባህላችንን አታጣጥል» የሚለኝ ይኖራል። እዚሁ አራት ኪሎ፣ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ውስጥ፣ የሀገራችንን ዕፅዋት ሰብስቦ የያዘ ብሔራዊ ሄርባሪየም አለ። ተክሎቻችን ይጠኑ የምለው እኔም ነኝ። ነገር ግን ተክልን መዝግቦ ማወቅና በታካሚ ላይ ፈዋሽነቱን ማረጋገጥ ይለያያሉ። እስኪረጋገጥ ድረስ መጠበቂያው የልጃችሁ ዓይን ወይም የእናንተ ማህፀን መሆን የለበትም።

ባልደረቦቼ ሐኪሞችም፣ ታካሚው ሳማ ጠጥቻለሁ ሲል አንሳቅበት። ከተሳቀበት በሚቀጥለው ይደብቀናል። እናንተም አትደብቁን፤ የጠጣችሁትን ንገሩን።

ጤና ይብዛላችሁ። ለሚጠቅመው ወላጅ አጋሩት።