ሰርቨሩ የሚሄድበትን ቦታ ሳታውቁ ፕሮሰሰር አትግዙ

ብሩክሄቨን ባለው ቤቴ ጋራዥ ውስጥ አንድ ዴል ፓወርኤጅ አር720 ሰርቨር ተቀምጧል። አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃውን ሲቀይር በርካሽ ያገኘሁት ነው። ሞዴሉ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ ብሩክሄቨንም ራሷን የቻለች ከተማ የሆነችው በዚያው ዓመት ስለሆነ ሁለቱ እኩያ ናቸው። አሁን ደብረ ማርቆስ ወደሚገኘው የተማርኩበት ትምህርት ቤት ልልከው እየተዘጋጀሁ ነው። ኢንተርኔት ባይኖርም ተማሪዎቹ በኪዊክስ ዊኪፒዲያ ያነባሉ፤ መምህራኑ ደግሞ ማስታወሻና ፈተና በሙድል ይጭናሉ።

ውስጡ ያሉት ሁለት ዜዮን ኢ5-2620 ፕሮሰሰሮች እያንዳንዳቸው ስድስት ኮር አላቸው። ከላክሁ አይቀር አሻሽዬ ልላክ አልኩና ፍለጋ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናዘዝ። የማዘርቦርዱ ሶኬት ኤልጂኤ 2011 ይባላል። እኔ ቁጥሩን ብቻ አይቼ ቪ3 የሚል ጥንድ ገዛሁ። አልገባም! ቪ3 እና ቪ4 የሚቀመጡት 2011-3 በሚባለው ሶኬት ላይ ነው፤ የመገናኛ ነጥቦቹ ቁጥር እኩል ቢሆንም አሠራሩ ሌላ ነው። አር720 የሚጠቀመው ራምም ዲዲአር3 ነው። ሻጩ አልመልስም አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ሳላነብ የገዛሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ለዚህ ሰርቨር የሚሆኑት የመጀመሪያዎቹ ኢ5-2600ዎችና ቪ2ዎቹ ናቸው። ቪ2 የምትገዙ ከሆነ አሮጌው ፕሮሰሰር በቦታው እያለ ባዮሱን አዘምኑ፤ አለዚያ ሰርቨሩ አዲሱን ላያውቀው ይችላል። ሁለቱም ፕሮሰሰሮች አንድ ዓይነት ሞዴል ይሁኑ። «አንዱ ይበቃኛል» የምትሉ ደግሞ ከ24ቱ የራም ማስገቢያዎች 12ቱ ሥራ እንደሚፈቱ እወቁ።

ክርክሩ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ያማከርኳቸው ጓደኞቼ ሁሉ ኢ5-2697 ቪ2 ግዛ አሉኝ፤ 12 ኮር፣ 2.7 ጊጋኸርዝ፣ 130 ዋት። ጥንዱ 24 ኮርና 260 ዋት መሆኑ ነው። እኔ የመረጥኩት ኢ5-2650ኤል ቪ2 10 ኮር፣ 1.7 ጊጋኸርዝና 70 ዋት ነው፤ ጥንዱ 20 ኮርና 140 ዋት። በፍጥነት እንደሚበለጥ አውቃለሁ። ግን ዋት እዚህ አትላንታ የወር ሂሳብ ነው፤ እዚያ መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ስንት ደቂቃ ይቆያል ማለት ነው። ለመቶ ተማሪ ገጽ የሚያቀርብ ሰርቨር አብዛኛውን ቀን ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈቶ ነው የሚውለው፤ የሚያንሰው ራምና ዲስክ ነው።

ብዙዎቻችን የማናስበው ሌላም ነገር አለ፤ ከፍታ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ናት። ከተማዋ ቀዝቃዛ ብትሆንም አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያነሰ ነው። አምራቹ ራሱ ከ950 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ሰርቨሩ የሚችለውን የክፍል ሙቀት በአንድ ዲግሪ ይቀንሰዋል፤ ለደብረ ማርቆስ አምስት ዲግሪ ያህል መሆኑ ነው። መስኮት በሌለው መጋዘን ውስጥ 260 ዋት የሚያግል ጥንድ መላክ ለእኔ ስጦታ አይደለም። (ዕቃ ወደ አገር ቤት ስንልክ የምንኮራው በትልቅነቱ መሆኑ ሁሌም ይገርመኛል።)

ደግሞም 12 ኮሩንም ብትገዙ የዕድሜውን ነገር አታመልጡትም። ቪ2 ኤቪኤክስ2 የሚባለው የትእዛዝ ስብስብ የለውም፤ ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 10 ደግሞ ያለ እሱ አይሠራም። እኔ ደቢያን ነው የምጭንበት።

አዲሱ ጥንድ ማክሰኞ ይደርሳል። በተረፈኝ ገንዘብ አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ የዩፒኤስ ባትሪ ይገዛል። ቪ3ዎቹ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው፤ አር730 ያላችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።